በድሪል፣ በግራይንደርና በብየዳ ብቻ ሲኤንሲ ራውተር መሥራት፦ ከደብረ ማርቆስ የተነሳ ጥያቄና መልሶቹ

የመነሻ ጥያቄ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቡፌ፣ አልጋና በር እንሠራለን። ደንበኛ አሁን የሚፈልገው ቅርጽ የወጣበት በርና የአልጋ ራስጌ ስለሆነ፣ ሳንቃውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ልከን በሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚመራው የእንጨት መቅረጫ ማሽን፣ አስቀርጸን እናስመጣለን። በቅርጹ ዋጋ ላይ የመኪናው ጭነት ሲጨመርበት ትርፉ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ማሽኑን ራሴ ልሠራው ቆርጫለሁ። ያለኝ የእጅ ድሪል፣ ግራይንደር፣ የብየዳ ማሽን፣ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ ስኳድራና ካሊፐር ነው። ቶርኖም ሚሊንግ ማሽንም የለኝም። የሥራ ስፋቱ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ዋንዛና ኤምዲኤፍ ቢቆርጥ፣ ስህተቱም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባያልፍ ይበቃኛል። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር፦ ማሽን ትክክል የሚሆነው በውድ መሣሪያ ስለተሠራ አይደለም፤ ከተሠራ በኋላ የሚስተካከልበት ቦታ ስለተተወለት ነው። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ፍሬሙን፣ ሃዲዱንና ዘንጉን በምን ልሥራ? ብዬ በኢንተርኔት ላይ ጠየቅሁ።

የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እዚህ አስፍሬአለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ፣ የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

መልሶቹ

1ኛው መልስ የመጣው ባሕር ዳር መካኒካል ምህንድስና ከሚማር ልጅ ነው። ጋሼ ብሎ በትህትና ጀመረና ነገሩ ከሚመስለው ቀላል መሆኑን አስረዳ። ሦስት አቅጣጫ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ስቴፐር ሞተር፤ ሞተሩ አንድ ዙር የሚሞላው በ200 እርምጃ ነው፣ አንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ። አርዱዊኖ ኡኖ በሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ጂአርቢኤል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ጂ-ኮዱን (የማሽኑን የእንቅስቃሴ ትእዛዝ) መስመር በመስመር ይልክለታል። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የታየው የመጀመሪያው በቁጥር የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን መቆጣጠሪያው በቫኩም ቱቦ የተሞላ ትልቅ ቁም ሣጥን እንደነበርና ዛሬ ያው ሥራ መዳፍ ላይ በሚያርፍ ሰሌዳ እንደሚሠራም አከለ። ቀጥሎ አሰላ፦ የኤም 8 ዘንግ (8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ጥርስ ዘንግ) በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ለአንድ ሚሊ ሜትር 160 እርምጃ ይደርሰዋል። ይህቺ ስሌት ኋላ ላይ ጭቅጭቅ አስነሳች።

2ኛው ከፍኖተ ሰላም የጻፈ በያጅ ነው፤ ሰላምታም አላስቀደመም። ቱቦላሬ ተበይዶ ሲበርድ ወደተበየደበት ጎን እንደሚስብ፣ አንድ ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር መጣመም ለእሱ የየዕለት ነገር እንደሆነ፣ በሚሊንግ ያልተስተካከለ ፍሬም ላይ ሃዲድ ማሰርም ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ጻፈ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ብየዳ ይማር የሚል ቃልም ጨመረበት። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ስለ ብየዳው ያለው እውነት ነው፣ የብረት በር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የማልስማማው ስለዚህ አይሆንም በሚለው መደምደሚያው ነው።

ለእሱ በቀጥታ የመለሰለት 3ኛው ነው፣ ቡሬ ጋራዥ የሚሠራ ሰው። ከመልሶቹ ሁሉ የበለጠ የተማርኩት ከዚህ መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ወንድም ዓለም ብሎ በያጁን አለሳለሰውና ብየዳው እንደሚጣመም ተቀበለ። መፍትሔው መጣመሙን ከወዲሁ አውቆ መሥራት ነው። ፍሬሙ ጠረጴዛ ላይ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ፣ በነጥብ በነጥብ እየተፈራረቀ በተቃራኒ ማዕዘን ይበየዳል፤ እስኪበርድም አይፈታም። ከዚያ በኋላ ሃዲዱ የተበየደው ቱቦላሬ ላይ በቀጥታ አያርፍም። መሐል ላይ ጠፍጣፋ ብረት ይገባል፣ እሱም በብሎን ይታሰራል። የብሎኑ ቀዳዳ ሆን ተብሎ ይሰፋል፤ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን 11 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከወፍራም ሮንዴላ ጋር። ያ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ማስተካከያ ነው። ወደ ላይ ማንሳት ሲያስፈልግ ከመጠጥ ጣሳ የተቆረጠ አሉሚኒየም ከሥር ይገባል፤ የጣሳው ግድግዳ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሁለት እያሉ መደረብ ነው።

መለኪያውስ? ለዚህም መልስ ነበረው። ጣና ዳር የሚሸጠው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከጫፍ ጫፍ ተወጥሮ ሲታሰር ቀጥታነትን ያሳያል። ለማዕዘን በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት ተደርጎ መሐላቸው 100 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዚያ ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸው ይረጋገጣል። ጠመዝማዛነትን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ክር ከአራቱ ማዕዘን በሰያፍ ይወጠራል፤ መሐል ላይ ሲገናኙ ሳይጫጫኑ ለጥቂት ከተነካኩ ገጹ ጠፍጣፋ ነው፣ ክፍተት ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው አንደኛው እግር ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። ክሮቹን ቦታ አለዋውጦ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከካሊፐርና ከሜትር ያለፈ መሣሪያ የለም።

4ኛው ከዳንግላ ነው፤ ለሃዲድ የመሳቢያ ሃዲድ እንደሚበቃ፣ ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ እንደሆነ ጠቆመ። 5ኛው ወዲያው አረመው። የመሳቢያ ሃዲድ ሲዘረጋ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ የእንጨት ብናኝም ኳሶቹ መሐል ገብቶ ያስቸግራል። በምትኩ አንግል አይረን ጠርዙ ወደ ላይ ተደርጎ፣ በሁለቱ ገጾቹ ላይ 608 ቁጥር ኩሽኔታ እንዲንከባለል ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ኩሽኔታ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰራል። የአንደኛው ወገን ኩሽኔታዎች በብሎን የሚጠብቁና የሚላሉ መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ ልቅነቱን ማውጣት አይቻልም። ይኸው የመነሻዬ ሐሳብ ነው፣ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ሳየው ደስ አለኝ።

6ኛው አዲስ አበባ ምን አለሽ ተራ ሄዶ አሮጌ ፕሪንተር መግዛትን መከረ፤ ስቴፐር ሞተሩም ለስላሳው ዘንግም ይገኝበታል። እዚህ ላይ የራሴን ማስጠንቀቂያ ጨምሬአለሁ። በሁለት ጫፉ ብቻ የተያዘ ዘንግ መሐሉ ላይ ጭነት ሲያርፍበት የሚጎብጠው በርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ልክ ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለ30 ሴንቲ ሜትር ፕሪንተር የተሠራ ቀጭን ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄደው አጭር ክፍል ጥሩ ነው፣ ለ90 ሴንቲ ሜትሩ ግን ከሥሩ እስከ ጫፉ የተደገፈ ሃዲድ ያስፈልጋል።

7ኛው ከሞጣ ነው። የጻፈው ልጃቸው ነው፣ የሚናገሩት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት የላጉ አባት ናቸው። ስለ ማሽኑ ምንም አላሉም፤ ስለ እንጨቱ ተናገሩ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጠማዘዝ ለማሽኑ አልጋ እንዳላስበው፣ ዋንዛም በደንብ ሳይደርቅ ከተቀረጸ ቅርጹ ካለቀ በኋላ እንደሚሰነጠቅ አስጠነቀቁ። ኤምዲኤፍ የጎጃም ክረምት ይጎዳዋል፤ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የአልጋው ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹ ሁሉ በውኃ በቀጠነ ኮላ ወይም በቫርኒሽ ይታሸጉ አሉ። አባቴ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ፤ ልጅዎንም አመሰግናለሁ።

8ኛው ወደ ተማሪው ስሌት ተመለሰ። 160 የሚለው የሚሠራው ድራይቨሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ሰሌዳ) ሙሉ እርምጃ ሲራመድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ ለስምንት በሚከፍለው በተለመደው አንድ ስምንተኛ ማይክሮስቴፕ 200 በ8 ተባዝቶ ለ1.25 ሲካፈል 1280 ይመጣል። ተማሪው አመስግኖ ተቀበለ። 9ኛው ግን ነገሩን አከረረው። በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ስላለ ማሽኑ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ይቆርጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ራሱን እንደሚያታልል፣ የእርምጃ ማነስና ትክክለኛነት ለየቅል እንደሆኑ ቆጣ ብሎ ጻፈ። ቁጣው ባያስፈልግም ነገሩ ልክ ነው። ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገዛው ባለ ጥርስ ዘንግ ጥርሱ ከርቀት ርቀት ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል። ግን ይህም ይስተካከላል፦ ማሽኑ 500 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ ይታዘዛል፣ የሄደው ይለካል። 498.5 ከሆነ 1280 በ500 ተባዝቶ ለ498.5 ይካፈልና 1283.85 ይገባል። በዳዶውና በዘንጉ መሐል ላለው ልቅነት ሁለት ዳዶ መሐላቸው ሞላ አድርጎ ማጋጨት ነው፤ አንዱ ዳዶ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ጥርሱን ይደገፋል።

ይኸው 9ኛ ሌላም ነገር ተናግሯል። ጂአርቢኤል አርዱዊኖ ኡኖ ላይ በሰከንድ ወደ 30,000 እርምጃ ነው የሚልከው። ለ1280 ሲካፈል በደቂቃ 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ያ ደግሞ የወረቀቱ ጣሪያ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ኤም 8 ዘንግ በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር መሐሉ ይገረፋል። ስለዚህ ለ90 ሴንቲ ሜትሩ ኤም 12፣ ገንዘብ ካለ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄደው ቦል ስክሩ (ዳዶው ውስጥ ኳሶች የሚንከባለሉበት ዘንግ) እንዲሆን መከረ።

ከ10ኛ እስከ 13ኛ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። ከቢቸና የገባ ሰው ማሽኑ በእጅ የሚቀርጹትን ወጣቶች ሥራ እንደሚያሳጣ ጻፈ፤ ሌላው ኋላ ቀር ብሎ ሰደበው፤ ሦስተኛው በማሽን የተቀረጸ መስቀልና በእጅ የተቀረጸ መስቀል አንድ ዋጋ ሊሸጥ አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ አራተኛው ስድቡ እንዲቆም ጠየቀ። ስድቡን አልወደድኩትም። በፍሬ ነገሩ ግን አንድ የምለው አለ። የራውተር ፑንታ (እየዞረ የሚቆርጠው ስለት) ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘን ሲቆርጥ ሁልጊዜ የራሱን ክበብ ያህል ጥግ ሳይነካ ይተዋል። በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ የተቆረጠ ጥግ 3 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይቀርበታል። ያንን ጥግ በመሮ ሹል አድርጎ የሚጨርስ እጅ ያስፈልጋል፣ እኔ ቤት ያሉት ልጆችም በዚሁ ሥራ ላይ ይቆያሉ።

14ኛው ውይይቱን ወደ ጉዳዩ መለሰው፣ ለኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄም ያነሳው እሱ ነው፦ ፑንታው ዋንዛ ውስጥ ገብቶ ሳለ መብራት ቢሄድስ? ከእንጅባራ ነው የጻፈው። መብራት ሲጠፋ ስቴፐር ሞተር ይዞ የነበረውን ይለቃል፣ ጂአርቢኤልም የት እንደነበረ ይረሳል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ፑንታውን የሚያዞረው የእጅ ራውተር ማብሪያው እንደበራ ስለሆነ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ አጠገቡ እጅ ካለ አደጋ ነው። የሰጠው መፍትሔ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። የመነሻው ቁልፍ ሲጫን ኮንታክተሩ በራሱ ረዳት መገናኛ በኩል ራሱን ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲመለስ ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ አይነሳም። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍም በዚሁ መስመር ላይ ይሁን፣ ሞተሮቹን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንም ይቁረጥ አለ። ይህን ያልገጠመ ማሽን አይብራ ባይ ነኝ።

እዚያው ላይ አንድ ያላሰብኩትን ነገር ነገረን። ቦል ስክሩ በጣም በቀላሉ ስለሚዞር፣ መብራት ሲሄድ የራውተሩ ክብደት ራሱ ዘንጉን አሽከርክሮ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ርካሹ ኤም 8 ዘንግ ግን የጥርሱ ዘንበል ማለት ትንሽ ስለሆነ በክብደት አይዞርም፣ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄደው ክፍል ርካሹ ለኛ ይሻላል። ሥራውን ከቆመበት ለመቀጠል ደግሞ እንጨቱን ከቦታው ሳያነቃንቁ ማሽኑን ወደ ሊሚት ስዊቾቹ (የጉዞው ጫፍ ላይ ወዳሉት ማብሪያዎች) መልሶ መነሻውን ማስያዝ ነው። የሥራው ዜሮ (የቅርጹ መነሻ ነጥብ) ጂ 54 በሚባለው የጂ-ኮድ ትእዛዝ ከተያዘ በሰሌዳው ቋሚ ማስታወሻ ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም፤ በጂ 92 የተያዘ ግን ይጠፋል።

15ኛዋ ባሕር ዳር የምትሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ከእሷ በፊት ወንድሜ ብሎ የጠራት ሰው ነበርና እህቴ ማለት እንደሚሻል በአጭሩ አስታውሳ ወደ ሥራው ገባች። ኔማ 17 እና ኔማ 23 በሚባሉት የስቴፐር ሞተር መጠኖች ላይ ያለው ቁጥር የፊቱ ስፋት በኢንች እንጂ የጉልበት መለኪያ እንዳልሆነ አስረዳች፤ 1.7 ኢንች እና 2.3 ኢንች ማለት ነው። ትንሹ ኤ4988 ድራይቨር ያለ ማቀዝቀዣ ከ1 አምፔር ገደማ በላይ ስለማይችል ለኔማ 23 ቲቢ6600 የሚባለው ድራይቨር እንዲገዛ መከረች። ኃይል እያለ የሞተሩን ሽቦ የነቀለ ሰው ድራይቨሩን እንደሚያቃጥል ደጋግማ ጻፈች። ሊሚት ስዊቾቹ ሳይነኩ የሚዘጉት ዓይነት ይሁኑ፤ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ወዲያው ያውቃል። 16ኛው የከፍታን ነገር አነሳ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር አቅም የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለው አየር ነው፣ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ይቀንሳልና ድራይቨሩም ሞተሩም ፋን አይነፈጋቸው።

17ኛው ዋንዛው ለምን ይቃጠላል ብሎ ለጠየቀ ሰው የተሰጠ መልስ ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው የፑንታው ዙር በጥርሱ ብዛት፣ እሱም እያንዳንዱ ጥርስ በሚነክሰው ውፍረት ሲባዛ ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር፣ ሁለት ጥርስ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን በደቂቃ 1000 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ይህንን የእኛ ማሽን ይችለዋል። 30,000 ዙር ላይ ግን 3000 ይፈልጋል፣ አይደርስበትም፤ ፑንታው ከመቁረጥ ይልቅ ያሻሸዋል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። ስለዚህ ራውተሩን ወደ ዝቅተኛው ዙር ማውረድ ወይም ባለ አንድ ጥርስ ፑንታ መግዛት ነው።

18ኛው ይህ ሁሉ ልፋት ለምን፣ 3018 የሚባለውን የቻይና ማሽን ግዙና ገላግሉን አለ። 30 በ18 ሴንቲ ሜትር የሚሠራ ማሽን ለበር ምን ይሆነኛል? ብዬ መልሻለሁ።

19ኛው የፍኖተ ሰላሙ በያጅ ነው፣ ተመልሶ መጣ። ሐሳቡን አልለወጠም። የቡሬው ሰው ክር በክረምት እርጥበት ይረግባል ብሎ ተከራከረ፤ ናይለን እርጥበት ሲጠጣ እንደሚለጠጥ እውነት ነው፣ ስለዚህ ከመለካት በፊት እንደገና መወጠር አለበት። ቢሆንም ፍሬሙን ካመጣሁለት ያለ ክፍያ እንደሚበይድልኝ ጻፈ። እሄዳለሁ።

20ኛው ስለ ብናኝ ነው፣ አጭር ነው ግን አይዘለልም። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ በጣም ደቃቅ ብናኝ ያወጣል። ማስክ፣ መነጽርና መምጠጫ ከፑንታው በፊት ይገዙ።

21ኛው ከደጀን የመጣ ጥያቄ ነው፤ በር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ መቅረጽ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 22ኛው፣ ያው የባሕር ዳሩ ተማሪ፣ እንደሚቻል መለሰ። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጽሑፉ ወደ መስመር ይቀየራል፣ በሹል ባለ 60 ዲግሪ ፑንታ ይቀረጻል። ሳንቃውን በስቶ የሚወጣ ከሆነ ግን የመ፣ የወና የዐ ውስጥ ክብ ተቆርጦ ስለሚወድቅ ቀጭን ማያያዣ ሊተውለት ይገባል።

23ኛው የጻፈው ነገር ከዚህ በፊት የትም አላነበብኩትም፣ ስለዚህ ሳይጠፋ እዚህ ይቀመጥ። ጂ-ኮድ ውስጥ በቅንፍ የሚጻፈው ማስታወሻ በአማርኛ አይጻፍ። ጂአርቢኤል 1.1 ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያሉትን የኮምፒውተር ምልክቶች እንደ ፈጣን ትእዛዝ ነው የሚያነባቸው፤ የእኛ ፊደል ሲላክ ደግሞ በነዚያው ምልክቶች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው። ኑ የምትለው ፊደል ፍጥነቱን 10 በመቶ ትጨምራለች፣ ኒ 10 በመቶ ትቀንሳለች፤ ሄ፣ ቄና ጄ ደግሞ የደህንነት በር እንደተከፈተ ቆጥሮ ሥራውን እንዲያቆም ያደርጉታል። አንዳንድ መላኪያ ፕሮግራም ማስታወሻውን አስቀድሞ ስለሚያወጣው ችግሩ ላይታይ ይችላል፣ ሌላው ግን እንዳለ ይልከዋል። ማሽኔ መሐል ላይ ያለ ምክንያት ይቆማል የምትሉ ሁሉ ሽቦውን ከመንቀላችሁ በፊት የፋይሉን ማስታወሻ እዩ።

ዋንዛ ላይ ፊደል የቀረጸ ሰው ካለ የፑንታውን ማዕዘንና የገባበትን ጥልቀት ከዚህ ሥር ይጻፍልን።